አምስት ሳንቲ ሜትር

ማታ ከሆስፒታል ተመልሼ፣ ቤተሰቤ ከተኛ በኋላ፣ ምድር ቤት ባለው ጠረጴዛዬ ላይ ታንክ አስረጃለሁ። ቃሉ ለሰሚ እንግዳ እንደሚሆን አውቃለሁ። የፕላስቲክ ሞዴል የሚገጣጥሙ ሰዎች የመጨረሻውንና ረጅሙን ሥራ «ዊዘሪንግ» ይሉታል፤ አዲስ የተቀባውን ዕቃ በፀሐይ፣ በዝናብና በጭቃ የኖረ ማስመሰል ማለት ነው። እኔ «ማስረጀት» እለዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የማስረጀውም ቲ-55ን ነው።

ከሥር የዝገት ቀለም ይቀባል፤ በላዩ የጸጉር ስፕሬይ ይነፋል፤ ከዚያ አረንጓዴው ይደረባል። ሲደርቅ በውሃ በራሰ ብሩሽ ቢያሹት አረንጓዴው እየተላጠ የሥሩን ዝገት ያሳያል። ነገር ግን እንዲሁ በዘፈቀደ አይላጥም። የሚላጠው ወታደሩ ሲወጣ ሲወርድ የሚረግጠው፣ እጁም የሚይዘው የክዳኑ ጠርዝ ነው። ዝገቱም ዝናቡ በሚወርድበት መንገድ መፍሰስ አለበት። በዚህ ረገድ ሥራው ከሙያዬ አይርቅም። እኔም የበሽተኛዬን ኑሮ ከመናገሩ በፊት ከመዳፉና ከጫማው ተረከዝ አበላል አነባለሁ።

የተቃጠለ ታንክ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ቀለሙ ስለ ነደደ ብረቱ ቶሎ ዝጎ ብርቱካናማ ይሆናል። የመንኮራኩሮቹ ጎማ አመድ ሆኖ ይቀራል። ሸክሙን የሚይዙት የብረት ዘንጎች በእሳት ጥንካሬያቸውን ስለሚያጡ ታንኩ ይሰምጣል፤ ሆዱ ወደ መሬት ይቀርባል። ይህን ጥሩ ሠራተኛ ሁሉ ያውቃል፤ ተቃጥሎ ያልሰመጠ ታንክ ካየም ስሕተቱን ይነግርሃል። ያ ሙቀት በውስጡ የነበሩትን ምን እንዳደረጋቸው ግን ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም። እኔ በወጣትነቴ በቃጠሎ ሕሙማን ክፍል ሠርቻለሁና አውቀዋለሁ፤ እዚህ አልጽፈውም።

አንድ ጊዜ በኤግዚቢሽን ላይ አንድ ጨዋ ሰው ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሞ፣ «እንዴት ያለ ውብ ዝገት ነው!» አለኝ። ደስ አለኝ። ወደ ቤቴ ስነዳ ያስጨነቀኝም ያው ደስ ማለቴ ነበር። ሰው የሞተበትን ብረት ማሳመር ይገባልን?

እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ በ1913 እ.ኤ.አ. ስለ አሻንጉሊት ወታደሮች ጨዋታ «ሊትል ዎርስ» የተባለ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። በወለል ላይ የሚዋጋ ሰው እውነተኛው ጦርነት ምን ያህል የከፋ ድንቁርና እንደ ሆነ ይገባዋል የሚል ተስፋ ነበረው። በዓመቱ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። በዌልስ አልፈርድም፤ ይሁንና ትንሹ ጦርነት ለትልቁ ክትባት ይሆናል ብዬ እንደ ሐኪም መመስከር አልችልም።

ይልቅስ ያሳሰበኝ ከቤቴ እምብዛም በማይርቀው በባልቲሞር ያለው ነው። በሜሪላንድ የሞት መርማሪ ሐኪሞች ዋና መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ፍራንሲስ ግሌስነር ሊ የተባለች አሜሪካዊት ከ1940ዎቹ ጀምሮ የሠራቻቸው 18 የአሻንጉሊት ቤት የሚመስሉ ትዕይንቶች ይገኛሉ። እኛ ዲዮራማ የምንለው መሆኑ ነው። ሚዛናቸው አንድ ለ12 ነው። መጋረጃው፣ ሳህኑ፣ የእግር ሹራቡ ሁሉ በእጅ የተሠራ ነው። የሞተ ሰውም አለበት፤ የቆዳው ቀለም እንኳ ለመርማሪዎች ማስተማሪያ እንዲሆን በጥንቃቄ ተቀብቷል። ሊ ሬሳውን አላነሣችም። እኛ ግን አብዛኞቻችን ሬሳውን አንሥተን ዝገቱን እናስቀራለን።

ታዲያ ሬሳ እናስቀምጥበት? ያደረጉ አሉ፤ እኔ አላደንቃቸውም። የሊ ሬሳ ምን እንዳገኘው መልስ የሚጠብቅ ነው። የእነዚህ ግን ከድንጋዩና ከቁጥቋጦው ጋር የተሰለፈ ጌጥ ሆኖ ይታየኛል።

እዚህ ላይ ስለ ታላቅ ወንድሜ መናገር አለብኝ። የቲ-55 ሾፌር ነበር። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፋቤት ላይ ከቀሩት አንዱ ነው። እኔ ያን ጊዜ ቡዳፔስት የሕክምና ተማሪ ነበርሁ፤ ወሬው የደረሰኝ ከወራት በኋላ ነው። መቃብር የለውም። ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 ነበር፤ በአንድ ለ35 ሚዛን አምስት ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ይህን ሚዛን በ1960ዎቹ መጀመሪያ የመረጠው ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ነው፤ ምክንያቱም የፓንተር ታንኩ ሞዴል ሞተርና ባትሪ እንዲይዝለት ነበር። የወንድሜን ቁመት የወሰነው እንግዲህ ባትሪ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ዘንድ ከረመች። አንድ ቀን ምድር ቤት ወርዳ ታንኩን አየችው።

«ይኼ ነው?» አለችኝ።

«አዎን፣ እማዬ።»

«የቱ ጋ ነበር የሚቀመጠው?»

ከፊት በግራ በኩል ያለውን ክዳን አሳየኋት። ጣቷን አኖረችበት። ከክዳኑ የሰፋ ጣት ነው።

«ምነው አቆሸሽኸው?»

እውነቱን ለማሳየት ነው፣ ታንክ በጭቃ ውስጥ ነው የሚኖረው አልኋት።

«እሱ እኮ ንጹሕ ልጅ ነበር። ካልሲውን ሳያጥብ አይተኛም። እጠበው።»

ለኤግዚቢሽን ሰዎች የምሰጠው መልስ ሁሉ አፌ ላይ ቀረ። ስንት ማታ የደከምሁበት ጭቃ የማንኛውም ወታደር ጭቃ ነበር፤ ብሩሼ የተከተለው የማንንም እግርና የማንንም እጅ ነው። እሷ ደግሞ የጠየቀችኝ ስለ አንዱ ነው። እውነተኛነት የምለው ነገር ከዚያ ቀን ወዲህ እንደ ድሮው አያኮራኝም። ቢሆንም አላጠብሁትም። ያልሆነ ንጽሕና ቀብቼ ላስደስታት አልፈለግሁም፤ እሷም ሁለተኛ አላነሣችውም።

ከሄደች በኋላ በሙጫ ዘግቼው የነበረውን የሾፌር ክዳን በቢላ አላቅቄ ከፈትሁት። ሳጥኑ ውስጥ ቀለም ያልነካው ሾፌር አለ። ፎቶግራፉን አጠገቤ አቁሜ ፊቱን ሦስት ጊዜ ጀመርሁ፤ በዚያ መጠን የሰው ዓይን የአንድ ብሩሽ ጫፍ ንክኪ ነው፤ ሦስቱንም ጊዜ በቲነር ጠረግሁት። ክዳኑ እንደ ተከፈተ ነው።