ሰደቃ ሐቅን አይተካም



ጁምዓ ሲደርስ የከተሞቻችን መስጂዶች ደጃፍ በሰው ይሞላል። እዚያ ከሚሰበሰቡት መካከል ዓይነ ስውር እናቶች፣ በክራንች የሚሄዱ ወጣት ሴቶች፣ በእጃቸው እየተደገፉ መሬት ለመሬት የሚንቀሳቀሱ እህቶች ይገኛሉ። ሰጋጁ ኪሱን ዳብሶ ያለውን ይሰጣል፤ እነሱም ዱዓ ያደርጉለታል። ከዚያ ሰጪው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ተቀባይዋ ደጅ ትቀራለች። ነገሩ በየሳምንቱ ስለሚደጋገም «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ በዚህ ጽሑፍ መጠየቅ የምፈልገው ይህንኑ ነው። ሁለቱም የሰሙት አንድ አዛን ከሆነ፣ አንዱ ገብቶ ሌላዋ ደጅ የምትቀረው ስለምንድን ነው? ለእሷ ያለብን ግዴታስ በሰጠናት ሳንቲም ይወርዳልን?

ነገሩን በትክክል ለመመዘን ሁለት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል። ሰደቃ ከሰጪው ፈቃድ የሚመነጭ በጎ ሥራ ነው። ሰጪው መቼ፣ ለማንና ምን ያህል እንደሚሰጥ ራሱ ይወስናል። ዛሬ ሰጥቶ ነገ ቢተው ማንም አይከሰውም። ተቀባዩ ያመሰግናል እንጂ አይጠይቅም። ሐቅ ግን የሰጪውን ስሜት አይጠብቅም። ባለ ዕዳ ዕዳውን ሲከፍል «ቸር» አይባልም፤ ባለ ሐቁም ገንዘቡን ሲቀበል አንገቱን አይደፋም። እንግዲህ አንድን ሰው በሐቁ ፈንታ ሰደቃ ብንሰጠው፣ የሰጠነው የቱንም ያህል ቢበዛ ከበደል አያወጣንም። የራሱን ንብረት ይዘን በምስጋና እንዲቀበለን አድርገነዋልና።

አንዳንድ ወንድሞች ይህን ሲሰሙ «መብት መብት የሚለው ቋንቋ ከውጭ የመጣ ነው፤ ኢስላም ያዘዘን ርኅራኄን ነው» ይላሉ። ርኅራኄ መታዘዙ እውነት ነው። ነገር ግን ቁርኣን በሱረቱል መዓሪጅም ሆነ በሱረቱ ዛሪያት ለማኝና የተነፈገ ሰው ከሀብታሞች ገንዘብ ያለውን ድርሻ የጠራው «ሐቅ» ብሎ ነው። ለድሃ የሚወጣው ድርሻ እንኳ ሐቅ ከተባለ፣ አንዲት አካል ጉዳተኛ ሴት በመስጂዷ፣ በትምህርት ቤቷ፣ በአባቷ ውርስና በገዛ ትዳሯ ላይ ያላት ድርሻ እንዴት በእኛ ችሮታ ሥር ይወድቃል? ስለዚህ ቃሉ እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሆነብን በእነሱ ላይ መዋሉ ነው።

ከራሴ ገጠመኝ አንድ ልጥቀስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የውርስ ሽምግልና ላይ ከተቀመጡት አንዱ ነበርኩ። ሟቹ አባት ሦስት ወንዶችና አንዲት ዓይነ ስውር ሴት ልጅ ትተዋል። ወንድሞቿ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ከልጅነቷ ጀምሮ አብልተዋታል፣ አልብሰዋታል፣ ስትታመም አሳክመዋታል። ሐሳባቸውም «እስከ ዕለተ ሞቷ እኛ እናኖራታለን፤ ስለዚህ የእሷ ድርሻ ከእኛው ጋር ይሁን» የሚል ነበር። ከሽማግሌዎቹም አብዛኞቹ ደግ ሐሳብ ነው ብለው ተቀበሉት። ልጅቱ ግን በሩ አጠገብ ከተቀመጠችበት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ «ከዛሬ በኋላ የምበላው ከእናንተ ነው ወይስ ከራሴ?» አለች። ለረዥም ጊዜ መልስ የሰጠ አልነበረም። ወንድሞቿ በድርሻዋ ሊያበሏትና በዚያው ሊመሰገኑ እንደነበር የገባን ያኔ ነው። በመጨረሻ ድርሻዋ በስሟ ተለይቶ ተሰጣት። ወንድሞቿም እስከ ዛሬ እየመጡ ይጠይቋታል፤ እሷም በቤቷ ቡና አፍልታ ትቀበላቸዋለች። ዝምድናው አልፈረሰም። የተለወጠው የመቀመጫዋ ቦታ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሳ አንድ ክርክር አለ። «ማስተዳደር ለማይችል ሰው ገንዘቡን አትስጡ ተብሎ የለምን?» የሚል ነው። መልሱ ግልጽ ነው። በመጀመሪያ፣ የዓይን አለማየት፣ የጆሮ አለመስማት ወይም የእግር አለመራመድ የአእምሮ ጉድለት አይደለም። ዓይነ ስውር ሴት የሚነበብላት ታማኝ ሰው፣ መስማት የተሳናት ደግሞ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ታገኝ እንጂ የራሷን ጉዳይ ራሷ ታውቃለች። በሁለተኛ ደረጃ፣ በእርግጥ ማስተዳደር የማይችል ሰው ቢኖር እንኳ ገንዘቡ በአሳዳሪ እጅ የሚጠበቀው ለእሱ ነው፤ የሚበላውና የሚለብሰውም ከዚያው ነው። የአሳዳሪው ንብረት አይሆንም። በሱረቱ ኒሳእ የተዘረዘሩት የውርስ ድርሻዎችም በጤንነት ላይ የተመሠረቱ አይደሉም።

ወደ መስጂድ እንመለስ። በብዙ መስጂዶቻችን የወንዶች መስገጃ ምድር ቤት ሲሆን የሴቶቹ ፎቅ ላይ ነው። መወጣጫውም ጠባብና ቀጥ ያለ ደረጃ ነው። በዊልቸር የሚሄድ ወንድ ሁለት ሰው ደግፎ ካስገባው ከጀማዓው ጋር ይሰግዳል። በዊልቸር የምትሄድ ሴት ግን መስገጃዋ ከራሷ በላይ ነው። ተሸክሞ የሚያወጣት ወንድ እንዳይነካት ታፍራለች፤ ሴቶቹ ሊያወጧት አቅም ያንሳቸዋል። ስለዚህ ትቀራለች። ጁምዓ በሴት ላይ ግዴታ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግዴታ አለመሆን ግን መከልከል አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሴቶች ከአላህ መስጂዶች እንዳይከለከሉ አዘዋል። በቃል መከልከልና ደረጃ ሠርቶ መከልከል ደግሞ ለተከለከለችው ሴት ልዩነት የላቸውም።

«ለምን ስለ አካል ጉዳተኞች በአጠቃላይ አትናገርም? ሴቶችን መለየት ምን አመጣው?» ለሚለኝ አንባቢም ይኸው ደረጃ ይመልስልኛል። ሁለት ሸክም በአንድ ትከሻ ላይ ሲያርፍ የሚያስከትለው ጉዳት የሁለቱ ድምር ብቻ አይደለም፤ ሌላ ሦስተኛ ችግር ይወልዳል። ዓይነ ስውር ወንድ ልጅ ሲወለድ «ሃፊዝ ይሆናል» ብለን ወደ ቁርኣን መምህር እንወስደዋለን። ዓይነ ስውር ሴት ልጅ ስትወለድ ግን «ማን ያገባት ይሆን?» ብለን ጓዳ እናስቀምጣታለን። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ሪፖርት፣ ጥናት በተካሄደባቸው 59 አገሮች ከአዋቂ ወንዶች 12 በመቶው፣ ከአዋቂ ሴቶች ደግሞ 19.2 በመቶው የአካል ጉዳት እንዳለባቸው ተገልጿል። እንግዲህ በቁጥር የሚበዙት ናቸው በዓይን የማይታዩት።

በኛ ዘንድ የተለመደው ሌላው መልስ «የአላህ ቀደር ነው፤ ሶብር ታድርግ» የሚለው ነው። ይህን አባባል በጥንቃቄ መመርመር ይገባል። ሶብር የባለቤቱ ሥራ ነው። እኔ ስለ እሷ ልታገስላት አልችልም፤ የእሷን ትዕግስት ለእኔ ስንፍና መሸፈኛ ላደርገውም አይገባኝም። እግሯ አለመራመዱ ቀደር ነው እንበል። ደረጃውን ግን ግንበኛ ነው የሠራው፤ ንድፉን ኮሚቴ ነው ያጸደቀው፤ ገንዘቡንም እኛ ነን ያዋጣነው። በሰው እጅ የተሠራን ነገር በአላህ ላይ ማላከክ ከአደብ ውጭ ነው።

ቡኻሪ ባስተላለፉት ሐዲስ የሚጥል በሽታ የነበረባት አንዲት ጥቁር ሴት ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጥታ፣ በሽታው ሲጥላት ሰውነቷ እንደሚገለጥባት ነግራ ዱዓ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ምርጫ ሰጧት፤ ብትታገስ ጀነት እንዳላት፣ ብትፈልግ ደግሞ እንድትድን ዱዓ እንደሚያደርጉላት ነገሯት። እሷ መታገስን መረጠች። ሆኖም እንዳትገለጥ ዱዓ እንዲያደርጉላት ጠየቀች፤ አደረጉላት። እዚህ ላይ ልብ እንበል። ጉዳይዋን ይዛ የመጣችው ራሷ ናት። ትዕግስትን የመረጠችው ሌላ መንገድ ተከፍቶላት ሳለ ነው። ከታገሰችም በኋላ ክብሯን የሚመለከተው ጥያቄዋ «ታገሺ ተብለሻል» ተብሎ አልተዘጋም። ሌላ በር ሳንከፍትላት «ሶብር አድርጊ» የምንላት እህት ግን የምትታገሰው መርጣ ሳይሆን ተገድዳ ነው።

በሙስሊም ዘገባም አእምሮዋ ላይ ችግር የነበረባት አንዲት ሴት ጉዳይ እንዳላት በነገረቻቸው ጊዜ፣ ከመንገዶቹ የፈለገችውን እንድትመርጥ ነግረዋት ጉዳይዋን እስክትጨርስ አብረዋት ቆመዋል። ቦታውን የመረጠችው እሷ ናት። ዓይነ ስውሩ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱም (ረ.ዐ) በመዲና ሙአዚን ነበሩ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዘመቻ ሲወጡም ከተማዋን በአደራ እየተረከቡ አስተዳድረዋል። ሱረቱ ዐበሰ የወረደችው በእሳቸው ምክንያት መሆኑን የማያውቅ አንባቢ የለም። የጥቁሯን ሴት ሐዲስ ከኢብኑ ዐባስ ተቀብለው ያስተላለፉት ዐጧእ ኢብኑ አቢ ረባሕም እግራቸው የሚያነክስ እንደነበርና በኋላም ዓይናቸው እንደጠፋ የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። የመካ ሙፍቲ ከመሆን ግን አላገዳቸውም። ያኔ ኅብረተሰቡ ከእነዚህ ሰዎች ያጣው ነገር አልነበረም፤ ቦታቸውን ስላልከለከላቸው እውቀታቸውን አገኘ።

የአገራችንም ሕግ ቢሆን ዝም አላለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 አሠሪዎች ለአካል ጉዳተኛ ሴቶች በጾታቸውና በጉዳታቸው የሚደርስባቸውን ድርብ ጫና ያገናዘበ ድጋፍ እንዲያደርጉ፣ በሥራ ቦታም ከጾታ ጥቃት እንዲጠብቋቸው ደንግጓል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች በዊልቸር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች ምቹ መግቢያ እንዲኖራቸው አዟል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀውንና በ6ኛ አንቀጹ ሴቶችን ለይቶ የሚያነሳውን ስምምነት ደግሞ አገራችን በ2002 ዓ.ም. ተቀብላዋለች። እነዚህ ሕጎች ከሰማይ አልወረዱም። የኢትዮጵያ አካል ጉዳተኛ ሴቶች ብሔራዊ ማኅበርን የመሳሰሉ ስብስቦች ለዓመታት ደክመዋል። በአምስት ዓመቷ የዓይን ብርሃኗን ያጣችው የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤም በዚሁ ተጋድሎዋ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። ሕጉ ተጽፏል፤ ፎቁ ላይ ያለው መስገጃ ግን አሁንም በዚያው ደረጃ ነው የሚደረሰው።

ታዲያ ምን እናድርግ? የመስጂድ ኮሚቴዎች አዲስ ሲገነቡ የሴቶች መስገጃ ከፊሉ ምድር ቤት እንዲሆን፣ ደረጃ በሌለው መወጣጫ የሚደረስ ውዱእ ማድረጊያም እንዲኖረው ከንድፉ ጀምሮ ያስቡ። በነባሮቹም ቢሆን ከምድር ቤቱ አንድ ጥግ በመጋረጃ መለየት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የመድረሳ አስተዳዳሪዎች ዓይነ ስውር ወንድ ልጅ የሚቀበሉትን ያህል ዓይነ ስውር ሴት ልጅንም ይቀበሉ። ወላጆች ስለ ልጃቸው ኒካህ ሲመጣ «ይህችን ማን ይወስዳታል» ብለው ለመጣው ሁሉ ከመስጠታቸው በፊት ፈቃዷን ይጠይቁ፤ መህሯም የእሷ ነው፣ በጉዳቷ ምክንያት የሚቀነስ ዕቃ አይደለችም። መስማት የተሳናት ሙሽራ ወይም ወራሽ በምትቀርብበት ሽምግልናም ሆነ ሸሪዓ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ይገኝ። ያልገባትን ነገር በራስ ንቅናቄ ብታጸድቀው ፈቃድ አይባልምና። ከሁሉም በፊት ደግሞ እነሱን እንጠይቃቸው። የሚያስፈልጋቸውን ከእኛ የተሻለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ሰደቃ ይቅር አላልኩም፤ ሰደቃ ትልቅ ዒባዳ ነው። ነገር ግን ሰደቃ የሚያምረው ሐቅ ከተከፈለ በኋላ ነው። በቂያማ ዕለት ባለ ሐቅ ሐቁን ሲጠይቅ «ሰጥቻት ነበር» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ከየትኛው ገንዘብ እንደሰጠናትም እንጠየቃለን። አላህ (ሱ.ወ) የሰውን ሐቅ ከሚያደርሱት ያድርገን።

ወሰላሙ ዐለይኩም።