ጊዜ የሰጠው ቅል

«ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱን አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቅሰው ያለ ቦታው የተቀመጠን ሹም ለማማት ነው። ከሐሜቱ ሥር ግን አንድ የግብረ ገብ ጥያቄ አለ። ደካማው ጊዜ ጠብቆ ብርቱውን በገዛ ጉልበቱ ቢጥለው፣ ለውድቀቱ ተጠያቂው ማን ነው? «ራሱ ገፍቶ ራሱ ወደቀ» ብሎ እጅን መታጠብ ይቻላልን?

ቻይናውያን ታይ ቺ በሚሉት የትግል ጥበብ ሁለት ሰዎች ክንድ ለክንድ ተነካክተው የሚለማመዱት ልምምድ አለ። አንዱ ሲገፋ ሌላው በጉልበት አይመክተውም፤ ቦታ ይለቅለታል። ገፊው ሚዛኑን በሳተባት ቅጽበት ግን በጥቂት ኃይል ወደ ጎን ይመልሰዋል። ይህ ለጎንደር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ጉግስ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው ያባርራል፤ አባራሪው ዘንጉን ይወረውራል፣ ሸሺው በጋሻው ይመክታል። ቀድሞ የወረወረ ዘንጉን መሬት ያስበላል፤ የዘገየም ያመልጠዋል። ከዚያ ተራው ይለወጣል፤ ያባረረው ይሸሻል፣ የሸሸው ያባርራል። ስለዚህ በጉግስ ሜዳ መሸሽ ነውር አይደለም፤ የጨዋታው ግማሽ ነው።

የቋራው ካሣ ኃይሉ ይህን ሕግ ጠንቅቆ ያወቀ ሰው ነበር። በ1839 ዓ.ም. እቴጌ መነን ደጃዝማች ወንድይራድን ሲልኩበት፣ ደጃዝማቹ ይዞ የመጣው ጦር ብቻ ሳይሆን ንቀትም ነበር። «የኮሶ ሻጯን ልጅ» ይዤ እመጣለሁ ብሎ ፎክሮ እንደ ነበር ይነገራል። ንቀት ሰውን ወደ ፊት የሚያንደረድር ክፉ ግፊት ነው፤ የናቀ ሰው ጎኑን አይጠብቅም። ወንድይራድ ድል ሆኖ ተማረከ። ኅዳር 19 ቀን 1845 ዓ.ም. ደግሞ ጉር አምባ ላይ የጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ብዙ ሠራዊት አሰልፈው ገጠሙት። ካሣ ቀደም ሲል ወደ ቋራ ቆላ ሸሽቶ ከርሞ፣ በራሱ ጊዜ የተመለሰ ነበር። ውጊያው ወደ ጎሹ ያጋደለ በመሰለበት ሰዓት ጎሹ በጥይት ተመተው ወደቁ፤ ያ ሁሉ ሠራዊትም ተበተነ።

እስከዚህ ድረስ ካሣን የሚወቅስ ያለ አይመስለኝም። የመጣበትን መለሰ። ዳሩ ግን የወንድይራድ ታሪክ በመማረኩ አላበቃም። ካሣ ምርኮኛውን ኮሶ አጠጣው ይባላል። ይህን ስንሰማ እንስቃለን፤ ሳቃችን ግን ፍርዳችንን ሊጋርደው አይገባም። በጦር ሜዳ ወንድይራድን የጣለው የራሱ ንቀት ነበር። ታስሮ የቀረበ ሰው ግን ማንንም አይገፋም። ኮሶውን ያስጨለጠው የካሣ ጉልበት ብቻ ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ከባላጋራ የተበደሩት ጉልበት ባላጋራው ሲወድቅ ያልቃል። ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ሁሉ የጨማሪው ነው፤ ተጠያቂውም እሱ ነው።

«ጠላት ወድቆ ካልደቀቀ ነገ ይነሣል» የሚል ይኖራል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። በዘመነ መሳፍንት ማርሮ የለቀቀ ሰው፣ የማረውን መልሶ በጦር ሜዳ ማግኘቱ የተለመደ ነበር። ሆኖም ፍርሃት ዳርቻ የለውም። የወደቀውን የሚደቁስ፣ ነገ ሊነሣ ይችላል ብሎ የጠረጠረውንም ሁሉ ወደ መደቆስ ይሄዳል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያዘርፉና ሲያቃጥሉ፣ ከተማይቱ ጦር አሰልፋ አልጠበቀቻቸውም። አብያተ ክርስቲያናቱ የነደዱት በንጉሠ ነገሥቱ ቁጣ ብቻ ነው።

ቁጣ ደግሞ ጊዜ የማወቅን ጥበብ ራሱን ይበላዋል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ በፊታውራሪ ገብርዬ የሚመራው ሠራዊታቸው ጓዝ ብቻ የመጣ መስሎት በመቅደላ አጠገብ ከተራራው ወደ እሮጌ ቁልቁል ተንደረደረ። የጠበቀው ግን ከኋላ የሚጎርሰው የእንግሊዞች የስናይደር ጠመንጃ ነበር። ወደ 700 ያህል ሰው አለቀ፤ ገብርዬም በዚያው ወደቀ። የትናንቱ ጠባቂ የዚያን ዕለት ገፊ ሆነ፤ የጉግሱ ተራ ተለወጠ።

ይህ ነገር የነገሥታት ታሪክ ሆኖ ቢቀር ባልከፋ። በደጋው ደም መላሽ ዓመታት ሊጠብቅ ይችላል። ባላጋራውን ከገበያ ሲመለስ ወይም እርፍ ጨብጦ ሲያርስ ያገኘዋል። አንዳንዱም «ጊዜ አወቀ» እያለ ያሞግሰዋል። ግን የሚያርስ ሰው ማንን ገፋ? እርፍ የጨበጠ እጅስ ምን ጉልበት ያበድራል? እዚህ ላይ ጊዜ ማወቅ የተባለው የባላጋራን ግፊት መመለስ አይደለም፤ ባላጋራው የማይገፋበትን ሰዓት መምረጥ ነው። የታይ ቺውም ሆነ የጉግሱ ሕግ ተገልብጧል።

ዕርቅ የሚያወርዱ ሽማግሎችም ጊዜ ያውቃሉ። ቁጣ በገነፈለበት ቀን አይናገሩም፤ እስኪበርድ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ በአንድ ቃል ይመልሱታል። እነሱ ግን ጊዜን የሚጠብቁት ለማስቆም ነው። ስለዚህ የጥበቡ መለኪያ መቼ እንደሚጀመር ማወቅ ብቻ አይደለም፤ መቼ እንደሚቆም ማወቅም ነው። ቅሉ ድንጋዩን ቢሰብር ጊዜ ሰጠው እንላለን። ስብርባሪውን መውቀጥ ከጀመረ ግን በጊዜ ሊያመካኝ አይችልም።