የተራበ ሰው የሠራው መንገድ

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ለተራበ ሰው እንጀራ የሚሰጥ ሰው «አስቀድመህ ሥራ» ማለቱ ይገባዋልን? ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝ አንድ የአየርላንድ ኮረብታ ነው።

ከደብሊን ከተማ በስተደቡብ፥ በባሕር ዳር፥ ኪላይኒ የሚባል ኮረብታ አለ። ቁመቱ 153 ሜትር ያህል ስለ ሆነ በደጋ ላደገ ሰው ከጉብታ አይቈጠርም፤ ሆኖም ከባሕሩ አጠገብ ተነሥቶ ስለሚወጣ ከዐናቱ ሲቆሙ ሰፊ አገር ያሳያል። በስተሰሜን የሆውዝ ኮረብታ ወደ ባሕር ገፍቶ ወጥቶ ይታያል፤ በስተደቡብ በ1950 መስቀል የተተከለበት የብሬይ ተራራ አለ፤ ከሥር ደግሞ የዶኪ ደሴት፥ እንግሊዞች ናፖሌዎንን ፈርተው ከሠሩት ክብ የጥበቃ ግንብ ጋር። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እጽፋለሁ።) የእግር መንገዱ ሰውን ሳያደክም እያዞረ ያወጣል።

ከዐናቱ ላይ በድንጋይ የተሠራ ሹል ሐውልት ቆሟል። ጽሕፈቱ፥ ያለፈው ዓመት ለድኾች የከፋ ስለ ነበረ፥ በኮረብቶቹ ላይ ያሉትን የእግር መንገዶችና ይህንንም ሐውልት ጆን ማፓስ በጁን 1742 እንደ ሠራ ይናገራል። በ1739 መጨረሻና በ1740 መጀመሪያ ብርቱ ውርጭ ወርዶ የድኻውን ቀለብ ድንችን በተከማቸበት አበላሽቶት ነበር፤ ከዚያም ዝናም ቀረ፥ እህል ተወደደ፥ በሽታ ተከተለ። ከሁለት ሚሊዮን ተኩል በማይበልጥ ሕዝብ መካከል ከ300,000 ያላነሰ እንደ ሞተ የታሪክ ሰዎች ይገምታሉ። አይሪሾች 1741ን «የእልቂት ዓመት» ይሉታል።

ማፓስን የሚያመሰግን ሰው፥ አሠርቶ ማብላት የድኻውን ክብር ይጠብቃል፥ ከልመናም ያድነዋል ይላል። ነገሩ ብዙ እውነት አለው፤ በላቡ የበላ ሰው በልጆቹ ፊት ቀና ብሎ ይቀመጣል። እኔ ግን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ሥራው ለማን ይጠቅማል? መሥራት ያቃተውስ ምን ይበላል? ለጌታው የመንሸራሸሪያ መንገድ ድንጋይ የሚሸከም የተራበ ሰው፥ በመከር ወራት እንደሚቀጠር አጫጅ በደመወዙ ሊከራከር አይችልም። እምቢ ቢል የሚጠብቀው ሞት ነው፤ እንዲህ ያለውን ነገር ውል ብዬ መጥራት ይከብደኛል።

ከመቶ ዓመት በኋላ የሆነው ነገር ይህን ይበልጥ ይገልጠዋል። በ1845 የድንች በሽታ ገብቶ ታላቁ ረኃብ በተነሣ ጊዜ፥ የእንግሊዝ መንግሥት ሕዝቡን በመንገድ ሥራ አሰማራ፤ በማርች 1847 ሠራተኞቹ ከ700,000 በላይ ደርሰው ነበር። ሥራው ከነጋዴ ጋር እንዳይሻማ፥ ለግል ሰውም እንዳይጠቅም ተብሎ ስለ ነበረ፥ ብዙው ድካም በማይረባ ነገር ላይ ዋለ፤ ከመካከል ተቋርጠው የትም የማያደርሱ መንገዶች ዛሬም በምዕራብ አየርላንድ ኮረብቶች ላይ ይታያሉ። ክፍያው በተሠራው ልክ ሲሆን፥ የደከመው ትንሽ አገኘ፥ ትንሽ ያገኘውም ይበልጥ ደከመ። በዚያ ረኃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ።

ከዚህ ጋር ሲተያይ የማፓስ ሥራ ይሻላል። መንገዱ ቀርቷል፤ ኮረብታውም በ1887 ለሕዝብ መናፈሻ ሆኖ ተከፍቷል፤ እኔና መሰሎቼም ያለ ዋጋ እንሄድበታለን። ነገር ግን የእኛ ደስታ ለእነዚያ ሠራተኞች እንደ ተከፈለ ደመወዝ ሊታሰብ አይገባም። «ማፓስ ሠራው» ይላል ድንጋዩ፤ ከተሸከሙት ሰዎች የአንዱን ስም እንኳ አያነሣም። ይህም ሆኖ እርሱን ብቻ ነጥዬ ልኰንነው አልችልም። በዚያው ዓመት ምንም ሳይሰጥ የተቀመጠ ባለጠጋ ሐውልት ስላላቆመ፥ ዛሬ ቆሞ የሚወቅሰው መንገደኛ የለም።

አገራችንም ይህን ጥያቄ ታውቀዋለች። በ2005 የተጀመረውና የአየርላንድ መንግሥት ከረዳቶቹ አንዱ የነበረበት ልማታዊ ሴፍቲኔት፥ ጕልበት ያለው በቀበሌው እርከን እንዲሠራ፥ ሽማግሌውና በሽተኛው ግን ያለ ሥራ እንዲረዱ ደንብ አወጣ። ስለ አፈጻጸሙ ብዙ ወቀሳ ሰምቻለሁ፤ ቢሆንም መሥራት ያቃተው ሰው በደንቡ ውስጥ ታስቧል። በኪላይኒ ግን፥ ድንጋዩን መሸከም አቅቶት ከኮረብታው ሥር ለቀረው ሰው ምን እንደ ተደረገለት በሐውልቱ ላይ አልተጻፈም።