ይቅርታ የካሣን ዕዳ ይሰርዛልን?

በየቁምስናችን ብዙ ጊዜ የሚነሣ፣ ነገር ግን በግልጽ ሳይመከርበት በለቅሶ ቤት ሹክሹክታ የሚያልፍ አንድ የግብረ ገብ ጥያቄ አለ። ይኸውም ሰው በሌላ ሰው ጥፋት ወይም ቸልተኝነት በሞተ ጊዜ፣ ቤተሰቡ ካሣ ለመጠየቅ ፍርድ ቤት መሄዱ ለክርስቲያን የተገባ ነውን? የሚለው ነው። አንዳንዱ «የሰው ደም በገንዘብ አይለወጥም» ይላል። ሌላው «ይቅር ካላችሁ በኋላ ክስ ምንድን ነው?» ብሎ ይገሥጻል። ሦስተኛው «ቀኑ ደርሶ ነው፤ እግዚአብሔር የወሰነውን ሰው አይመልሰውም» በማለት ነገሩን ይዘጋዋል። ሦስቱም አነጋገሮች ከቅን ልብ ሊወጡ ይችላሉ። ይሁን እንጂ በሚገባ ካልተመረመሩ፣ በደካማው ትከሻ ላይ የሚወድቁ ሸክሞች ይሆናሉ።

ነገሩ እንዲብራራ አንድ ምሳሌ እናስቀምጥ። የሦስት ልጆች አባት የሆነ አንድ ግንበኛ ማለዳ ወደ ሥራው ሲሄድ፣ ፍሬኑ እንደማይሠራ እየታወቀ መንገድ በወጣ የጭነት መኪና ተገጭቶ ሞተ እንበል። ድንኳኑ ሳይነሣ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ዕርቅ ፈላጊው እንደ አገሩ ልማድ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ከሐዘንተኞቹ እግር ሥር ይወድቃል። ለቀብርና ለተዝካር የሚሆን ገንዘብም ይቀርባል። ባልዋን የተነጠቀችው ሴት በእንባዋ መካከል «እግዚአብሔር ይቅር ይበለው» ትላለች። ወዲያው አንድ ወረቀት ይዘረጋላታል፤ ከእንግዲህ ወዲህ ምንም ዓይነት የካሣ ጥያቄ እንደማታነሣ የሚገልጽ ነው። እርስዋም ትፈርማለች። ከአርባው ቀን በኋላ ለቀስተኛው ወደየቤቱ ይመለሳል፤ የቤት ኪራዩ፣ የልጆቹ ደብተርና የዕለት እንጀራው ግን እዚያው ይጠብቋታል።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደ አንድ ተቆጥረዋል። አንደኛው ይቅርታ ነው፤ ሁለተኛው ዕዳ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን ለይቶ ማሳየት ነው።

የደም ዋጋ ነውን?

«የደም ዋጋ» የሚለው ቃል ጆሮአችንን የሚያስደነግጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 27 እንደምናነበው፣ ይሁዳ የመለሰው ብር በቤተ መቅደስ መዝገብ ሊገባ እንደማይገባው የካህናት አለቆች ራሳቸው መስክረዋል። ነገር ግን ያ ብር ሰውን ለሞት ለማሳለፍ የተከፈለ ነበር። ካሣ ግን በሞቱ ምክንያት ለተራቆቱት የሚከፈል ነው። የፊተኛው ሕይወትን ይሸጣል፤ የኋለኛው የተረፉትን ያቆማል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ስሕተት ነው።

የአገራችን ሕግም ይህን ልዩነት ጠብቆታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2095 እንደሚደነግገው፣ ሰው በአደጋ ሲሞት ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ልጆች በሞቱ ምክንያት ለደረሰባቸው ጉዳት በራሳቸው ስም ካሣ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ካሣውም የሚከፈለው በቀለብ መልክ ነው። ቀለብ የሚለውን ቃል ልብ እንበል። ሕጉ የሚመዝነው የሟቹን ነፍስ አይደለም፤ ሟቹ ወደ ቤቱ ያስገባ የነበረውን እንጀራ ነው። ለኅሊና ጉዳት ማለትም ለሐዘኑ ሲሆን ግን ሕጉ እጁን ይሰበስባል። በቁጥር 2105 በሕግ በግልጽ ካልተፈቀደ በቀር የኅሊና ጉዳት በገንዘብ እንደማይካስ ይናገራል። ለሞት አደጋ በቁጥር 2113 ዳኛው ለቤተሰቡ እንዲቈርጥ ቢፈቅድለትም፣ በቁጥር 2116 መጠኑ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። ያ ገንዘብ ዛሬ እጅግ ጥቂት ነው፤ ሊሻሻል ይገባዋል የሚሉ የሕግ ሰዎችም ትክክል ናቸው። ሆኖም ከድንጋጌው የምንረዳው አንድ እውነት አለ፤ ሕግ አውጪው እንባን በሚዛን አስቀምጦ ዋጋ ለመጥራት አልደፈረም።

ስለ ተሽከርካሪ መድን በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ሲታወጅ፣ የመድን ድርጅት ለአንድ ሰው ሞት የሚከፍለው ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት ግን እስከ 100,000 ብር ነበር። ወሰኑ ከዚያ ወዲህ ከፍ እንዲል ተደርጓል። ይህን የሰማ ሁሉ «ሰው ከንብረት አነሰን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የተጻፈው ቁጥር የሰው ዋጋ ቢሆን ኖሮ በእርግጥ ነውር በሆነ ነበር። ነገር ግን መድን ሰጪው የገባው ግዴታ ወሰን ነው እንጂ የዕዳው ወሰን አይደለም። ከዚያ የሚተርፈው ጉዳት በኃላፊው ላይ ይቀራል። የመድኑን ገንዘብ የተቀበለች ሚስትም «ሁሉም ተፈጸመ» ሲሏት ይህን ልታውቅ ይገባታል።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በ«ሱማ ቴዎሎጊካ» ስለ መተካት ሲያስተምር፣ የአካል ክፍልን ያህል ነገር ያጠፋ ሰው እኩያውን ሊመልስ ባይችል እንኳ፣ በገንዘብም ሆነ በክብር የሚቻለውን ያህል መካስ እንዳለበት ያስረዳል፤ መጠኑንም አስተዋይ ሰው እንዲፈርድ ይተዋል። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ሙሉ በሙሉ መመለስ አለመቻል ፈጽሞ ላለመመለስ ምክንያት አይሆንም።

ይቅር የሚል ማን ነው?

ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ይቅርታ በወንጌል የታዘዘ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ይቅር ማለት በቀልን መተው፣ የበዳዩን ጥፋት ሳይሆን መዳኑን መመኘት፣ ለእርሱም መጸለይ መቻል ነው። ነገር ግን ይቅር ሊል የሚችለው የተበደለው ሰው ነው፤ ይቅር የሚለውም የራሱን ነው። በምሳሌአችን ያለችው እናት የራስዋን እንባና የራስዋን ብቸኝነት ይቅር ልትል ትችላለች፤ ብትፈቅድ የራስዋን ድርሻ ልትተው ትችላለች፤ ይህም ታላቅ ምግባር ነው። የስድስት ዓመት ልጅዋ እስኪያድግ የሚበላው እንጀራ ግን የእርስዋ አይደለም። እርስዋ ጠባቂው ናት እንጂ ባለቤቱ አይደለችም። ሰው በሌላው ገንዘብ ቢመጸውት ምጽዋት አይባልም፤ በሙት ልጅ ድርሻ የሚደረግ ቸርነትም እንደዚሁ ነው።

ጌታችን እጀ ጠባባችንን ሊወስድ ለሚከሰን መጐናጸፊያችንንም እንድንተውለት ያስተማረውን የሚጠቅሱ አሉ። ቃሉ የተነገረው ስለ ገዛ ልብሳችን ነው፤ የልጅን ልብስ ገፍፈን እንድንሰጥ አላዘዘንም። ሐዋርያው ጳውሎስ በአንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 6 ክርስቲያኖች ስለ መካሰሳቸው የገሠጸውንም የሚያነሡ አሉ። ነገር ግን ሐዋርያው እዚያው ላይ በወንድሞች መካከል ሊፈርድ የሚችል አንድ አስተዋይ እንኳ የለምን? ብሎ ይጠይቃል። እንግዲህ የጠላው ፍርድን አይደለም፤ በወንድሞች መካከል እውነተኛ ፍርድ ቢኖር ይመርጣል። የሽማግሌ ዕርቅም የሚከበረው የሙት ልጆችን ድርሻ በእውነት መርምሮ ሲፈርድ ነው። የሐዘንተኛን ድካም ጠብቆ ፊርማ የሚቀበል ሽምግልና ግን የዕርቅ ስም ይዞ ዕዳን መሸሸጊያ ይሆናል።

ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ «በምሕረቱ ባለጠጋ» በተሰኘውና እ.ኤ.አ. በ1980 በጻፉት መልእክት፣ ይቅርታ የፍትሕን ግዴታ እንደማይሽር፣ የተፈጸመውን ክፋት ማረምና ለጉዳቱ መካስ ከይቅርታ ጋር አብረው የሚሄዱ እንደሆኑ አስተምረዋል። ዘኬዎስም ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ የቀማውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ። በፍቅር የተጎበኘ ሰው ዕዳውን ይበልጥ አጥርቶ ያያል።

«ቀኑ ደርሶ ነው»

የእግዚአብሔር ፈቃድ የሚለው ቃል ለሐዘንተኛ መጽናኛ ነው። ለበዳይ ግን መደበቂያ መሆን የለበትም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 የተጻፈው የበሬ ሕግ ለዘመናችን የተነገረ ይመስላል። በሬው ተዋጊ እንደሆነ ባለቤቱ አስቀድሞ እየተነገረው ሳያስረው ቢቀርና ሰው ቢገድል፣ ባለቤቱ ራሱ ይጠየቃል፤ ቤዛም ሊጣልበት ይችላል። ፍሬኑ የተበላሸ መኪና ያልታሰረ በሬ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በቁጥር 2081 የመኪናው ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ሌላ ሰው ሲነዳው ቢሆንም እንኳ። ይህ ለድኃው ሾፌርም ፍትሕ ነው፤ ሸክሙ በእርሱ ጫንቃ ላይ ብቻ አይወድቅም።

ካሣ ያለ እውነት

ካሣ ተገቢ ነው ማለት ግን በካሣ ሁሉ ያበቃል ማለት አይደለም። እሑድ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከቢሾፍቱ አቅራቢያ ሲወድቅ 157 ሰዎች አለቁ። ከእነርሱም መካከል አራቱ የካቶሊክ ተራድኦ ድርጅት ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ነበሩ። ቤተሰቦቹ የአውሮፕላኑን ሠሪ ቦይንግን በአሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ድርጅቱ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በተስማማ ጊዜ፣ በኢንዶኔዥያ ቀደም ሲል የወደቀውን ጨምሮ በሁለቱ አደጋዎች ለሞቱት 346 ሰዎች ቤተሰቦች 500 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ። ብዙዎቹ ቤተሰቦች ግን ውሉ ሳይጠየቁ በስውር ተደረገ ብለው አቤት አሉ፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. አንድ የቴክሳስ ዳኛ በሕግ ዓይን የወንጀል ተጎጂዎች መሆናቸውን አረጋገጠላቸው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ድርጅቱ በቺካጎው ክስ ጉዳቱን ለመካስ ኃላፊነቱን አምኖ፣ ቤተሰቦቹ በበኩላቸው የቅጣት ካሣ እንዳይጠይቁ ተስማምተው ነበር። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። እነዚህ ሰዎች ገንዘብ ተመድቦላቸው ሳለ ዝም ያላሉት፣ ሟቾቻቸው በማን ጥፋትና እንዴት እንደሞቱ በአደባባይ እንዲነገር ስለ ፈለጉ ነው። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ይልቅ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ሲሉ ያመለከቱት ይህንኑ ነው። ሰው የሚቆስለው በማጣቱ ብቻ አይደለም፤ መበደሉ ስም አጥቶ ሲቀርም ነው።

ከሳሹም በበኩሉ በኅሊናው ፊት መቆም አለበት። በሐሰት ምስክር የተገኘ ካሣ፣ የሟቹን ገቢ አግንኖ የተጠየቀ ገንዘብ፣ በዳዩን ለማጥፋት ሲባል ብቻ የሚጎተት ክስ ፍትሕ አይደለም። የተፈረደበት ሰው ድኃ ሲሆን በጊዜ እየከፋፈለ እንዲከፍል መፍቀድ ምሕረትን ከፍትሕ ጋር ያስማማል። ስለ ቤተሰቡ ሆኖ ገንዘቡን የተቀበለ ዘመድም አደራ ተቀባይ እንጂ ወራሽ አለመሆኑን ያስታውስ።

ለመምህራንና ለምእመናን

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ጉዳይ በለቅሶ ቤት ሳይሆን አስቀድመው በትምህርት ጊዜ ቢያስረዱት መልካም ነው። በተለይ ሦስት ነገሮች አይዘንጉ። አንደኛ፣ በሐዘን ቀናት ውስጥ ማንም ሰው በካሣ ወረቀት ላይ እንዳይፈርም ይመከር፤ ይቅርታው ዛሬ ይሁን፣ ሒሳቡ ግን አእምሮ ሲረጋጋና የሕግ ሰው ካየው በኋላ ይሁን። ሁለተኛ፣ በቁጥር 2143 መሠረት ክሱ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ጥፋቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ የረዘመ ከሆነ ረዥሙ ይጸናል። ብዙ ሙት ልጆች ድርሻቸውን የሚያጡት በክርክር ተረትተው ሳይሆን በዝምታ ነው። ሦስተኛ፣ ሾፌሩ በወንጀል ችሎት ነጻ ቢወጣ እንኳ የካሣው በር እንዳልተዘጋ ቁጥር 2149 ይናገራል። በሌላ በኩል መታሰሩም የሙት ልጅን አያበላም፤ ቅጣትና ካሣ የተለያዩ ናቸው።

ጥፋቱን የፈጸመው ሰው ከእኛው መካከል ሊሆን እንደሚችልም አንርሳ። ለእርሱ የምንሰጠው ምክር አጭር ነው፤ ድንጋዩን ተሸክሞ መምጣቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ድንጋዩን ካወረደ በኋላ የልጆቹን ቀለብ ይሸከም። ኑዛዜ የተቀበለ ሰው የመካስ ግዴታው አይቀርለትም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያለችው መበለት ዳኛውን ዘወትር «ፍረድልኝ» እያለች ስትጮኽ፣ ጌታ ስለ ጩኸትዋ አልነቀፋትም፤ የጸሎት ምሳሌ አደረጋት እንጂ። እንግዲህ በመካከላችን የምትገኝ መበለት ልጆችዋን ይዛ ወደ ፍርድ ቤት ስትሄድ ብናይ፣ ይቅር አላለችም ብለን አንፍረድባት። ምናልባት ይቅርታዋን ከፈጸመች ቈይታ ይሆናል፤ አሁን የምትጠይቀው የልጆችዋን ነው።