ግራሶውን ከመቀባትህ በፊት ጎማውን እይ

ልጄ፣ ፍሬን ስትሠራ ለሸራው ትጠነቀቃለህ፤ ግራሶ ላይ ስትደርስ ግን እጅህ የነካውን ነው የምታነሣው። ጋራዡ ጥግ ያለው ትልቁ ቆርቆሮ ለኩሽኔታ የተገዛ ነው። በሱ የካሊፐር ፒን ቀብተህ ብታስረክብ ያን ቀን ማንም አያውቅም፤ ፍሬኑም ጥሩ ይይዛል። ጉዱ የሚወጣው ከወራት በኋላ ስለሆነ ብዙ መካኒክ ጥፋቱን ከግራሶው ጋር አያገናኘውም።

የፒኑ አቧራ መከላከያም ሆነ የፒስቶኑ ቀለበት በብዛት የሚሠሩት ኢፒዲኤም ከሚባል ጎማ ነው። የተመረጠው ዶት 3 እና ዶት 4 የፍሬን ዘይት ስለማይጎዳው ነው። ከድፍድፍ ነዳጅ የተጣራ ቅባት ግን ጠላቱ ነው፤ ይመጠውና ውሃ እንደጠገበ ሽምብራ ያብጣል። የኩሽኔታ ግራሶ፣ የሞተር ዘይት፣ ናፍጣ፣ ሁሉም የዚያው ዘር ናቸው። በብዙ መኪና ከሁለቱ ፒኖች አንዱ ጫፉ ላይ ጎማ አለው። እሱ ሲያብጥ ፒኑ ቀዳዳው ውስጥ ተወጥሮ አልንሸራተት ይላል።

ተንሸራታች ካሊፐር ፒስቶን ያለው በአንድ ወገን ብቻ ነው። ፒስቶኑ የውስጡን ሸራ ይገፋል፤ የውጩን ዲስኩ ላይ የሚያስጠጋው ካሊፐሩ ራሱ በፒኖቹ ላይ ተንሸራቶ ነው። ፒኑ ከተያዘ የውስጡ ሸራ ብቻውን ይለፋል፣ እግርህን ስታነሣም አይለቅም። ስለዚህ የመኪናውን እግር ጎማ ፈተህ የውስጡ ሸራ ብረቱ ድረስ አልቆ የውጩ አዲስ መስሎ ካገኘኸው፣ ሸራ ቀይረህ ብቻ አታስረክብ። ፒኑን በአውራ ጣትህ ግፋው፤ ደህና ፒን ያለ ትግል ይገባል፣ ይወጣል።

አጥብቄ የምነግርህ አገራችን ቁልቁለት ስለበዛባት ነው። ከጎሃ ጽዮን ዓባይ ድልድይ እስክትደርስ ከሺህ ሜትር በላይ ትወርዳለህ። አልለቅም ያለ ፍሬን እዚያ ዲስኩን ያግለዋል፤ ግለቱ በፒስቶኑ በኩል ዘይቱ ላይ ይደርሳል። በመመዘኛው አዲስ ዶት 3 ከ205 ዲግሪ በታች መፍላት የለበትም፤ እርጥበት ከገባበት ግን ወሰኑ ወደ 140 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፣ ፔዳሉም ወለል ይነካል። መኪናው ሰው የሞላበት ሚኒባስ ሊሆን እንደሚችል አስብ።

ሶማሌ ተራ ስትሄድ «የፍሬን ግራሶ» ብለህ ብቻ አትግዛ፤ ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብብ። ለፒን የምትፈልገው ሲሊኮን ወይም ለካሊፐር ተብሎ የተሠራ ሲንተቲክ ሆኖ፣ ለኢፒዲኤም ጎማ እንደሚስማማ የተጻፈበትን ነው። መዳብ ያለበት ግራሶ ሙቀት መቻሉ እውነት ነው፤ እሱ ግን ለብረትና ለብረት እንጂ ጎማ ለነካ ቦታ አይደለም። ሻጩ «ሁሉም ያው ነው» ካለህ ሌላ ሱቅ ሂድ። የፒስቶኑን ቀለበት ስትቀይር ደግሞ የዘይት ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈውን ዓይነት፣ ገና ያልተከፈተ የፍሬን ዘይት ቀባው፤ ሌላ አያስፈልገውም።

አሮጌውን ግራሶ በንጹሕ ጨርቅ ከፒኑም ከቀዳዳውም አውጣ። ጎማውን በቤንዚን እንዳታጥበው፣ አልኮል ይበቃዋል። ያበጠ ወይም የላላ ጎማ አይታከምም፤ ለውጠው። የትኛው ፒን ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደነበረ ምልክት አድርግ፣ አይለዋወጡም። ከዚያ ፒኑን ስስ አድርገህ ቀባው። ቀዳዳውን በግራሶ ከሞላኸው የታመቀው አየር መውጫ ያጣና ፒኑን መልሶ ይገፋዋል። የሸራው ጆሮዎች የሚያርፉበትን ብረት ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አንሣና እሱንም በስሱ ንካው። የሸራው ፊትና ዲስኩ ጠብታ እንኳ እንዳይነካቸው። ጣትህ ቅባት ካለው ሸራውን ከመያዝህ በፊት ታጠብ።

ገጥመህ ስትጨርስ መኪናውን ከማንቀሳቀስህ በፊት ፔዳሉን ደጋግመህ እርገጥ። ፒስቶኑን ወደ ኋላ ስለገፋኸው የመጀመሪያው እርግጫ ባዶ ይገባል፤ እስኪጠነክር ድረስ ባለመኪናው ቁልፉን እንዳይወስድ።