የማይጻፍ አዎንታ

የተነገረ ቃል የማን ነው? የተናገረው ሰው ነው ወይስ የጻፈው? ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ የችሎት ጸሐፊም፣ የጋዜጣ ዘጋቢም፣ ዜና መዋዕል ጸሐፊም አብረውት ኖረዋል። እኔ ግን ዛሬ የማነሳው ተራ ከሚመስል ጉዳይ ተነሥቼ ነው፤ ቪዲዮን በጽሑፍ ከመቁረጥና ከሚንቀራፈፍ ላፕቶፕ።

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልግለጠው። ኮምፒዩተሩ ንግግሩን ወደ ጽሑፍ ይገለብጣል፤ እያንዳንዱም ቃል ከተነገረበት ቅጽበት ጋር ታስሮ ይቀመጣል። ከዚያ አርታኢው ምስሉን ትቶ ጽሑፉን ያርማል። አንድ ዐረፍተ ነገር ሲሰርዝ ተናጋሪው ከነፊቱ፣ ከነድምፁ አብሮ ይሰረዛል። ፕሪሚየር ፕሮን የመሰለው ዕውቅ የቅንብር ፕሮግራም ይህን መንገድ የያዘው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትም ዘጋቢ ፊልም ሠሪዎች ቃለ ምልልሱን በወረቀት አስገልብጠው በእርሳስ እያሰመሩ ይመርጡ ነበር። እርሳሱ ግን ድምፅ አይቆርጥም፤ ከእርሳሱ በኋላ ፊልሙን እንደገና መስማት ግድ ነበር።

አሁን ላፕቶፑን እናምጣ። 8 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን በስልክ የተቀረጸ 4ኬ ምስል ሲያጫውት ይንተባተባል። ጥፋቱ የማሽኑ ብቻ አይደለም። የስልክ ቪዲዮ ቦታ እንዲቆጥብ ተጨምቆ የተቀመጠ ስለሆነ፣ አብዛኛው ፍሬም ሙሉ ሥዕል አይደለም፤ ከጎረቤቱ በምን እንደሚለይ ብቻ የሚናገር ማስታወሻ ነው። አንዱን ለማየት ሌሎቹን መፍታት ያስፈልጋል። ታዲያ አርታኢው ምን ያደርጋል? ማጫወቱን ይተውና ያነባል። ጽሑፍ አይንተባተብም! ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ስለሰለቸው፣ ሳይሰማ መቁረጥ ይጀምራል።

እጄ ላይ ካለ ሥራ ምሳሌ ላምጣ። በ1977ቱ ረሃብ ከቀያቸው ተነሥተው በእግር ቆረም የደረሱ አንዲት እናት ስለ ጉዟቸው ያወራሉ። ጠያቂው ወጣት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማማ፣ ልጅዎን እዚያው መንገድ ላይ ቀበሩት?» ይላቸዋል። ቃል አይመልሱም። አየር ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋሉ፤ ያቺን ሁላችንም የምናውቃትን፣ አፍ ሳንከፍት «አዎ» የምንልባትን አጭር ትንፋሽ። ከዚያ አሥር ሰኮንድ ያህል ዝም ይላሉ። ከዚያም «መንገዱ ረጅም ነበር» ይላሉ።

በጽሑፉ ላይ ጥያቄው አለ፤ መንገዱም አለ። በመካከላቸው ነጠብጣብ ብቻ ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች ደግሞ ዝምታን ሁሉ ባንድ ጊዜ ጠራርጎ የሚያወጣ ትእዛዝ አላቸው። አንድ ጊዜ ቢጫኑት፣ እናቲቱ ስለ ልጃቸው ሲጠየቁ ስለ መንገድ የሚያወሩ፣ ጥያቄ የሚሸሹ ሰው ይሆናሉ። አንድም ቃል አልተጨመረም፤ አንድም ቃል አልተቀነሰም። ውሸት ግን ተነግሯል።

ፊደላችንም በዚህ ረገድ ብዙ አይረዳን፤ መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። «ልጄ አለ» የሚለውን ወረቀት ላይ ያገኘ ሰው፣ ልጁ ተናገረ ማለት ይሁን ልጁ በሕይወት አለ ማለት ይሁን በምን ያውቃል? ጆሮ ግን ወዲያው ይለየዋል። ይህም ገልባጩ ማሽን በትክክል ከጻፈ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ዊስፐር አማርኛን ከሚያውቃቸው ቋንቋዎች ይቆጥራል፤ ነገር ግን በተለያየ መጠን የቀረበ ነውና አቅመ ደካማ ላፕቶፕ የሚሸከመው ትንንሾቹን ነው። እነርሱ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳታሉ። እንግዲህ ድኻው አርታኢ የባሰ ጽሑፍ ይደርሰዋል፤ ድምፁን ለማመሳከርም የሚቸገረው እርሱው ነው።

አንድ ወዳጄ «ቅንብር ሁሉ መምረጥ ነው፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ማን ያይልሃል?» ይለኛል። እውነቱን ነው። እናቲቱ ሁለት ጊዜ ያወሩትን አንዱን መጣል እሳቸውን ማክበር ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የጣለውን ያልሰማ ሰው መረጠ አይባልም።

ስለዚህ ላፕቶፑን ማቃለል ለእኔ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የስልክ ቪዲዮ የፍሬም ፍጥነቱ ስለሚዋዥቅ፣ ገና ሳይገለበጥ ሃንድብሬክን በመሰለ ነጻ ፕሮግራም ወደ ቋሚ ፍጥነት እለውጠዋለሁ። አለዚያ ድምፁ ከምስሉ ሊርቅ ይችላል፤ አንድ ቃል እሰርዛለሁ ያለ ሰውም የሌላውን ቃል ግማሽ ይጎምዳል። ቀጥሎ ፕሮክሲ የሚሉትን ቀላል ቅጂ እሠራለሁ። 960 በ540 የሆነ ቅጂ ከ4ኬው ምስል ነጥቦች አንድ አሥራ ስድስተኛውን ብቻ ይሸከማል። እያንዳንዱ ፍሬም ሙሉ ሥዕል ሆኖ በሚቀመጥበት ዓይነት ከተሠራ ደግሞ ማሽኑ ያለችግር ያጫውተዋል። መጨረሻ ላይ ዋናው ምስል ይተካል። ቅጂው ሲሠራ ያድራል፤ መብራት ካልጠፋ ነው እንግዲህ።

የእናቲቱ አሥር ሰኮንድ ሳይነካ አለ። አሁን ያስቸገረኝ የእንግሊዝኛው የግርጌ ጽሑፍ ነው። በዚያች ትንፋሽ ሥር «አዎ» ብዬ ልጻፍ? ያላሉትን ቃል ማለት ይሆንብኛል። ባዶውን ልተወው? ባዕዱ ተመልካች በጥያቄው ደነገጡ ይላል። ጠያቂውን ወጣት ባማክረው «እሳቸውን እንጠይቃቸው» አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት እንሄዳለን፤ እስከዚያ ቦታው ባዶ ነው።