ስንቅና ስንብት

«ነገደ» የሚለው የግዕዝ ግሥ ሁለት ፍች አለው። በአንድ ወገን መንገድ ሄደ፣ ተጓዘ ማለት ነው፤ በሌላ ወገን ሸጠ፣ ለወጠ ማለት ነው። ከዚህ ከአንዱ ግሥ ሦስት ሰዎች ይወለዳሉ። የመጀመሪያው ነጋዴ ነው፤ ለትርፍ ይሄዳል። ሁለተኛው ነጋዲ ነው፤ በአማርኛችን ተሳላሚ የምንለው፣ ወደ ቅዱስ ቦታ የሚጓዘው መንገደኛ ነው። ሦስተኛው እንግዳ ነው፤ ሲመሽበት በሰው ደጅ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» የሚለው ነው። ሦስቱም በአንድ መንገድ ይገናኛሉ፤ አቧራውም ፀሐዩም አንድ ነው። ስደተኛ የሚለው ስም ግን ከእነዚህ ጋር አይዛመድም፤ «ሰደደ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነውና። ስደተኛ በገዛ ፈቃዱ የተነሣ ሳይሆን ሌላ ኃይል ገፍቶ ያስወጣው ሰው ነው።

ይህን የቋንቋ ነገር በቅድሚያ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በፍራንክፈርትና በአካባቢው ከምንኖረው ምእመናን መካከል፣ ጡረታ ሲወጡም ሆነ ልጆቻቸው ራሳቸውን ሲችሉ፣ ወደ ላሊበላ ወይም ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ በእግር ለመጓዝ የሚመኙ ጥቂቶች አይደሉም። አውሮፕላኑ ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ የሚያደርሰው በሰባት ሰዓት ገደማ ነው፤ እነርሱ ግን ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ፣ ቢቻል ሁሉንም ባይቻል የመጨረሻውን ክፍል፣ አባቶቻችን እንደሄዱት በእግራቸው ሊሄዱት ይሻሉ። ምኞቱ የተቀደሰ ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ያስከትላል፤ ለእንዲህ ያለ ጉዞ መዘጋጀት ማለት ምን ማለት ነው? እኛ ስደተኞች ሆነን ከአገር የወጣን ሰዎች፣ ነጋድያን ለመሆን ምን ያስፈልገናል?

የመጀመሪያው መልስ ስንቅ ነው። ስንቅን የሚንቅ መንፈሳዊነት ጤናማ አይደለም። ነቢዩ ኤልያስ ወደ ኮሬብ ተራራ በሄደ ጊዜ መልአኩ ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ እንዳበላው፣ መንገዱም ሩቅ መሆኑን እንደነገረው በመጽሐፈ ነገሥት ተጽፏል። ጌታችንም ደቀ መዛሙርቱን አንድ ጊዜ ያለ ከረጢት ልኳቸው ነበር፤ በሕማማቱ ዋዜማ ግን ያለው ሰው ኮረጆውን እንዲይዝ ነግሯቸዋል። ስለዚህ መያዝም አለመያዝም እንደ ጊዜው ነው፤ ጊዜውን መለየት የጥበብ ሥራ ነው።

ለገና ወደ ላሊበላ የሚሄደው ተሳላሚ የሚጓዘው በጾመ ነቢያት ስለሆነ ስንቁ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ነበር፤ የማይበላሽ፣ የማይከብድ፣ ጾሙንም የማይሽር። ይህ የእናቶቻችን ሙያ ዛሬም አላረጀም። ስንቅ ግን ምግብ ብቻ አይደለም፤ አካልም ስንቅ ነው። ፍራንክፈርት ከባሕር ወለል በላይ አንድ መቶ ሜትር ያህል ከፍ ያለች ቆላ ናት፤ ላሊበላ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አየሩ ሳስቶ ልብን ያስጨንቃል። እንግዲህ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ከብዙ ወራት በፊት በማይን ወንዝ ዳር አጭር መንገድ በመሄድ ይጀምር፤ ቀስ በቀስ ወደ ታውኑስ ኮረብታዎች ይውጣ፤ ዕድሜው የገፋም ሐኪሙን ያማክር። አዲስ ጫማ አድርጎ ረጅም መንገድ የጀመረ ሰው በሁለተኛው ቀን የሚያስበው ስለ ተረከዙ እንጂ ስለ ጸሎቱ አይደለም። ሆኖም ይህን ያህል የምንጨነቅለት ጫማ በዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ደጃፍ ላይ እንደሚወልቅ አንርሳ። ስንቅ እስከ ደጁ ያደርሳል፤ ወደ ውስጥ አይገባም።

ወደ ውስጥ የሚያስገባውን ለማግኘት የጥንቱን ተሳላሚ ልማድ መመልከት ይጠቅመናል። ወደ ኢየሩሳሌም የሚነሣ ሰው በሱዳንና በግብፅ በረሃ፣ ወይም በምጽዋ በኩል በቀይ ባሕር ማለፍ ነበረበት። ከዚያም አልፈው ሮም የደረሱ ነበሩ፤ በቫቲካን ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ የሚገኘው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ለኢትዮጵያውያን ነጋድያን ማረፊያ የሆነው ስለዚህ ነው። ከዚያ መንገድ መመለስ የተረጋገጠ አልነበረም። ስለዚህ ተጓዡ ስንቁን ከማሰናዳቱ ጋር ይሰናበት ነበር። የተበደረውን ይከፍላል፤ ለነፍስ አባቱ ይናዘዛል፤ ልጆቹንና ከብቱን ለታመነ ዘመድ አደራ ይሰጣል፤ ከተጣላው ጋር ይታረቃል፤ ጎረቤቱንም «ይቅር በሉኝ» ብሎ ይወጣል። ስንብት ማለት እንግዲህ በእጅ ያለውን የሌላ ሰው ነገር ሁሉ ለባለቤቱ አስረክቦ መሄድ ነው።

በምንኖርበት አገርም ይህን የሚመስል ታሪክ አለ። ቅዱስ ቦኒፋጥዮስ የሚሉት የጀርመን ሰባኪ፣ ከጉባኤ ኬልቄዶን በኋላ የኖረ ስለሆነ በእኛ ስንክሳር አይታሰብም፤ ታሪኩ ግን ያስተምራል። በስተእርጅናው ወደ ፍሪዝላንድ ለመጨረሻ ጊዜ ሲነሣ፣ ተተኪውን ሉልን ጠርቶ የጀመራቸውን ሥራዎች ካስረከበው በኋላ፣ ከመጻሕፍቱ ጋር በሣጥኑ ውስጥ መገነዣ የሚሆን በፍታ እንዲያስቀምጥለት እንዳዘዘ ገድሉን የጻፈው ዊሊባልድ ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ754 እዚያው ተገደለ። መጻሕፍቱ ስንቁ ነበሩ፤ በፍታው ስንብቱ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ከእኛ ብዙዎቻችን ከ1966ቱ አብዮት በኋላ፣ ይልቁንም በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ሳንሰናበት የወጣን ነን። በሌሊት በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የተሻገረ ወጣት ለእናቱ እንኳ አልነገረም፤ ቢነግራት ለእርስዋ አደጋ ነበርና። እስራኤል ከግብፅ በወጡ ጊዜ ሊጡ እስኪቦካ እንዳልጠበቁ ሁሉ እኛም ሳይቦካ የወጣን ነን። በዚህ ማንም አይወቀስም። ነገር ግን ሳይሰናበቱ መውጣት በነፍስ ላይ ልማድ ይጥላል። የተጀመረ ነገር ሁሉ ሳይፈጸም የሚተው ይመስለናል። ኩርፊያውም፣ ብድሩም፣ ያልተነገረውም ቃል «አንድ ቀን አገር ስንገባ» እየተባለ ይቆያል። ይህ «አንድ ቀን» ለብዙዎች ሳይመጣ ቀርቷል።

ለዚህች ከተማ ቅርብ የሆነ አንድ ምሳሌ ላንሣ። አባ ጎርጎርዮስ የተባለው የመካነ ሥላሴ ሰው ከኢየሱሳውያን ጋር በመወገኑ በአፄ ፋሲለደስ ዘመን ከአገሩ የወጣ ስደተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ከጀርመናዊው ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተዋወቀ፤ በ1652ም ተጋብዞ ወደ ጎታ መጣ። ስለ አገሩ ታሪክ፣ ስለ ግዕዝና ስለ አማርኛ የሚያውቀውን ሳይሰስት ነገረው። በ1658 ወደ አገሩ ሊመለስ ሲጓዝ መርከቡ ተሰብሮ ሰጠመ። ሉዶልፍ በኋላ ኑሮውን በዚሁ በፍራንክፈርት አደረገ፤ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፣ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 በዚሁ ከተማ አሳተመ። ጎርጎርዮስ አገሩን አላየም፤ በእጁ የነበረውን ግን አስረክቦ ነበር። ሳይሰናበት የተሰደደ ሰው እንኳ በስደቱ መካከል ስንብትን ሊማር እንደሚችል የሚያሳየን ይመስለኛል።

በዚህ አሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ፤ ሁለቱም ክብደት አላቸው። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፤ «የምሰናበተው ማንን ነው? የበደልኩት ሞቷል፤ ያበደረኝ የት እንዳለ አይታወቅም።» ለዚህ ቤተ ክርስቲያናችን መልስ አላት። ለሞተ ሰው ጸሎተ ፍትሐትና ተዝካር አለ፤ የጠፋ ሰው ገንዘብ በስሙ ለድኻ ይሰጣል፤ ንስሓም በነፍስ አባት ፊት ይፈጸማል። ባለቤቱ ባይገኝም ዕዳው ከእጃችን ሊወጣ ይችላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። «ዕርቅ ሁሉ ከመንገድ በፊት ይፈጸም ከተባለ ማንም ከቤቱ አይወጣም። ወንድሜን የገደለውን ይቅር ሳልል ወደ ላሊበላ መሄድ አልችልም ማለት ነውን? እኔ የምሄደውስ ይህ ቁስል እንዲድንልኝ አይደለምን?» ይህን የሚል ሰው እውነቱን ነው። ይቅርታ እንደ ጉዞ ወረቀት በማኅተም የሚጠየቅ ነገር አይደለም። ስለዚህ ሁለቱን ዕዳዎች እንለያቸው። እኔ የበደልኩት አለ፤ የተበደልኩትም አለ። ጌታችን መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ እንዲሄድ ያዘዘው፣ ወንድሙ በእርሱ ላይ የሚያዝንበት ነገር እንዳለ ያሰበውን ሰው ነው፤ ማለትም ዕዳ ያለበትን። እኔ የበደልኩት ከመንገድ በፊት የሚፈጸም ነው፤ በእጄ ነውና። የተበደልኩት ግን አብሮኝ ሊጓዝ ይችላል፤ መንገዱ፣ ጾሙና ጸሎቱ ቀስ እያሉ ያቀሉልኛል። የመጀመሪያውን ሳይፈጽም የሚሄድ ሰው የሌላውን ንብረት ይዞ የሚሄድ ነው። ሁለተኛውን ተሸክሞ የሚሄድ ግን የሚፈወስበትን የሚፈልግ ሕመምተኛ ነው፤ እርሱን ማንም አይከልክለው።

ይህ ነገር ከመጽሐፍ ጥቅስ ወደ እኛ ኑሮ ሲመጣ ቀላል አይደለም። በስደት ባሉ አጥቢያዎች በፖለቲካም፣ በአስተዳደርም፣ በወሬም ተጣልተው ለዓመታት ሰላምታ የማይለዋወጡ ሰዎች በአንድ ቅዳሴ ይቆማሉ። አንዱ በዚህ፣ ሌላው በዚያ ጥግ። ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ጻዲቅ በሚቀመስበት አዳራሽ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከአሥር ርምጃ አይበልጥም። ይህን አሥር ርምጃ ያልተራመደ እግር በላስታ ተራራ ላይ ስንት ቀን ቢሄድ ምን ያተርፋል? ምናልባት ብዙ አገር ያያል፤ ፎቶግራፍም ያነሣል። ያ ግን ጉብኝት ነው።

ስንብት የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ። ተሳላሚ መጨረሻው እንግዳ መሆን ነው፤ እንግዳ ደግሞ ባዶ እጅ ይፈልጋል። ግሸን የሚነግሠው መስከረም 21 ቀን ነው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፤ አዲሱ እህል አልታጨደም፤ የገበሬው ጎተራ የሚጎድልበት ወቅት ነው። እንዲህም ሆኖ የወሎ ገበሬ ለደከመ መንገደኛ ደጁን ይከፍታል፤ ውሃ አሙቆ እግር ያጥባል። ከጀርመን የሄደ ሰው በዚህ ደጅ በሁለት መንገድ ሊሳሳት ይችላል። ስንቅ ሳይዝ ሄዶ የድኻውን የመጨረሻ እንጀራ ቢበላ በደል ነው። ሁሉን ይዞ «እኔ ምንም አልፈልግም» ቢል፣ ወይም ለታጠበለት እግር ወዲያው ገንዘብ ቢቆጥር፣ ራሱን ነጋዴ አድርጎ አስተናጋጁንም ሻጭ ያደርገዋል። የተዘጋጀ ሰው ለራሱ የሚበቃ ስንቅ ይይዛል፤ የቀረበለትን ግን ዝቅ ብሎ ይቀበላል፤ መስጠት የሚሻውንም ለደብሩ ወይም ለነዳያን በስውር ይሰጣል። መቀበልን ሳንማር የኖርን፣ በሰው አገር «አልቸገርም» ማለትን እንደ ክብር የያዝን ሰዎች ነንና ይህ ልምምድ ከእግር ልምምድ ይልቅ ይከብደናል።

በመጨረሻም ስለ ጊዜው አንድ ነገር መናገር ይገባል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶም በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተከፈተ። ስለዚህ መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ በአካባቢው ያሉትን አባቶች ሳይጠይቁ መነሣት ድፍረት እንጂ እምነት አይደለም። መንገዱ የተዘጋበት ሰው ግን ዝግጅቱን አይተው። የቦኒፋጥዮስ አስከሬን ከማይንስ ወደ ፉልዳ የተወሰደበትን ጉዞ ለማሰብ እ.ኤ.አ. በ2004 የተከፈተው የእግር መንገድ ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በከተማችን ሰሜናዊ ዳርቻም ያልፋል። ግሸንን አይተካም። ነገር ግን እግርን ለመንገድ፣ ልብንም ለዝምታ ለማለማመድ ይበቃል። ስንብቱ ደግሞ መንገድም፣ ቪዛም፣ ሰላምም አይጠብቅም፤ ዛሬውኑ በዚህ ከተማ ሊጀመር ይችላል።

እንግዲህ ለጉዞ የተነሣሣችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ጫማ ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር በወረቀት ላይ ጻፉ፤ ያልከፈልኩት ዕዳ፣ ያልጠየቅሁት ይቅርታ፣ ያልመለስኩት አደራ። ወረቀቱን ለነፍስ አባታችሁ አሳዩ። ከዚያ በኋላ በሶውን አስፈጩ። ያልታሰበ ነገር ገጥሞን ከዚህ ሳንነሣ ብንቀር እንኳ፣ አንድ ቀን ሁላችንም የምንሄደው መመለሻ የሌለው ረጅም ጉዞ አለና ዝግጅቱ በከንቱ አይቀርም።

የመንገደኞች አምላክ መንገዳችንን ያቅናልን፤ ለአገራችንም ሰላሙን ያውርድልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።